ስምንት ቀን በስሜን፦ የአንድ ሠዓሊ የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጎንደር

የዘይት ቀለም ይዞ ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው ፈተናው የሚጀምረው ከአየር ማረፊያው ነው። ተርፐንታይን ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣሁት የቀለም ቱቦዎቹን፣ ብሩሾቹን፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የተልባ ዘይትና ነጭ ተቀብተው በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈጉ አሥራ ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮችን ብቻ ይዤ ነው። ከሸራ ይልቅ ኮምፔንሳቶ የመረጥሁት ባለፈው ጉዞዬ ስለተማርሁ ነው፤ የተወጠረ ሸራ በገደል አፋፍ ላይ ነፋስ ሲመታው እንደ ከበሮ ይርዳል፣ የማለዳ ጤዛ ሲያገኘው ደግሞ ይላላል። እያንዳንዱ ቁራጭ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ የበለጠ መጠን በአንድ ቁጭታ አይሞላም፣ በቅሎም ላይ አይመችም።

ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ካሉት የግንባታ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቼ በተርፐንታይን ፋንታ አኳራጅ ጠየቅሁ። ባለሱቁ «የሚቀቡት በር ነው መስኮት?» አለኝ። «ተራራ ነው» ስለው፣ «ለተራራማ ግማሽ ሊትር ምን ሊሆንልዎ!» ብሎ እየሳቀ በውኃ ፕላስቲክ ቀዳልኝ። ሽታው ከባድ ነው፤ ብሩሽ ለማጠብና የመጀመሪያውን ቅብ ለማቅጠን ግን ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣሁ። በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያላየ ሠዓሊ ጎንደር ደረስሁ ሊል አይችልም፤ እኔ ግን በዚህ ጊዜ ረዘም አድርጌ ያየሁት ግድግዳውን ነበር። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ የቅርብና የሩቅ ልዩነት የለም፤ ትልቅ ሆኖ የተሣለው የቀረበው ሳይሆን የከበረው ነው፤ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለውም ቀለም እንጂ አየር አይደለም። እኔ ደግሞ ነገ የምሄደው ለዚያው አየር ነው። በስሜን የሚሣለው ድንጋዩ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ድንጋይ ስሎ ይመለሳል፤ ተራራውን የሚያገኘው ከእሱ እስከ ድንጋዩ ያለውን ነገር መሣል የቻለ ነው። ይህን ከዚህ በፊት በአፌ እለው ነበር፣ በእጄ ግን ገና አላወቅሁትም።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ደባርቅ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ አጨዳው ተጋምሷል፤ የታጨደው ማሳ ቢጫ፣ ያልታጨደው ወርቃማ፣ የታረሰው ጥቁር ቡናማ ሆኖ የተለጠፈ ጨርቅ ይመስላል። መኪናው አላቆመልኝም እንጂ እዚያው አንድ ሥዕል ይወጣ ነበር።

ነገ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ከተማው በቅበላ ላይ ነበር፤ ሥጋ ቤቶቹ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ወደ ጎዳናው ፈስሷል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያውን ከፍዬ አንድ መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) እና አንድ ባለ በቅሎ ተመደቡልኝ። ስካውቱ ዕድሜያቸው ከእኔ ገፋ ያለ፣ ነጭ ጋቢ በካኪያቸው ላይ የደረቡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። እኔ «አያ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሥዕል እንደማስተምር ሲሰሙ ወዲያው «መምህር» አሉኝ፣ ስሜንም ሳይጠይቁኝ ቀሩ። በቅሎ ነጂው የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ኮምፔንሳቶዎቹን አገላብጦ አይቶ «ጋሼ፣ ይኼ ለማገዶ ነው?» አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ሳንቃበር

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። እስከዚያ በመኪና መሄድ ቢቻልም ከቡይት ራስ ጀምሮ በእግር ሄድን፤ ምክንያቱም የጭላዳ መንጋዎቹ ጠዋት ጠዋት ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ሣር የሚነጩት በዚያ አፋፍ ላይ ነው። ሁለት እርምጃ ቀርቤ ብቀመጥ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። ጣታቸው ሣሩን ሲለቅም የሚያሰማው ድምፅ እንደ መቀስ ቅጭቅጭታ ነው። በእርሳስ ጥቂት ነካካሁና ተውሁት፤ የመጣሁበት ጉዳይ አይደለም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በካምፑ አጠገብ ካለው አፋፍ የሥዕል መቆሚያዬን ተከልሁ። መጀመሪያ ሦስቱን እግሮች ወደ ታች አሳጥሬ ከመካከላቸው በገመድ ድንጋይ አንጠለጠልሁ፤ ያለዚያ ነፋሱ ሥዕሉን ይዞ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሁለተኛው ዝግጅት ጃንጥላ ነው። በዚህ ከፍታ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ፓሌቱ (የቀለም ማደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ሁሉ ከመጠን በላይ የደመቀ ስለሚመስል እጅ ሳያውቀው እያጠቆረ ይሄዳል፤ ቤት ገብተው ሲያዩት ሥዕሉ የምሽት ሆኖ ይገኛል። ጥላውም ጥቁር መሆን አለበት፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ የራሱን ቀለም ሥዕሉ ላይ ያፈሳል። ጥላውን አያ ያዙልኝ፤ በአንድ እጃቸው ጥላ፣ በሌላው ክላሽንኮቭ ይዘው ከኋላዬ ሲቆሙ ያየ ሰው ምን ዓይነት ባለሥልጣን ነው ሳይል አይቀርም።

የያዝኋቸው ቀለሞች ስምንት ናቸው፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ ካድሚየም ቢጫ፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ አሊዛሪን ቀይ፣ ኡልትራማሪንና ኮባልት ሰማያዊ። ጥቁር የለም፤ የስሜን ጥቁር ድንጋይ ከኡልትራማሪንና ከበርንት ሲዬና ነው የሚወጣው፣ አንዱን ወይም ሌላውን በማብዛትም ወደ ብርድ ወይም ወደ ሙቀት ይሳባል።

የዛሬው ሥዕል አልተሳካም። ያልተሳካበትን ምክንያት ግን እዚህ መጻፍ ይጠቅመኛል። ከፊቴ አምስት ተረተር ነበር፦ ቅርቡ ቡናማ፣ ቀጥሎ ያለው ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ መጨረሻው ከሰማዩ የማይለይ። እኔ እየራቀ በሄደ ቁጥር ነጭ ጨመርሁበት፤ ሁሉም ሠዓሊ መጀመሪያ የሚሠራው ስሕተት ነው። ነጭ ቀለምን ከማንጣቱ በላይ ያቀዘቅዘዋል፣ ያደበዝዘዋልም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ተረተር የራቀ ሳይሆን በኖራ የተለሰነ መሰለ። እውነተኛው ርቀት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቢጫው ነው፣ ቀዩ ትንሽ ዘግይቶ ይከተለዋል፣ ሰማያዊው ይቀራል። ነጩ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም ብቻውን ሳይሆን ከጥቂት ቀይና ከኦከር ጋር። ይህን የተረዳሁት ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ሥዕሉን ሳየው ነው።

ማታ እሳት ዙሪያ አያ ተልባ በውኃ በጥብጠው በእንጀራ ፈተፈቱ። ጠርሙሴን ከፍቼ አስሸተትኋቸው። ጥቂት ቆይተው «ይኼማ የኛው ተልባ ነው» አሉ፤ ከዚያም ቀለሙ ራሱ በተልባ ዘይት የተለወሰ መሆኑን ስነግራቸው ሥዕሉን በሌላ ዓይን አዩት። «እንግዲያስ የጾም ነዋ» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ግጭ

የዛሬው መንገድ ረጅም ነበር። ከሳንቃበር ተነሥተን የጅንባር ወንዝ ወደ ገደሉ ከሚወረወርበት አጠገብ አለፍን። ፏፏቴው 500 ሜትር ያህል ይወርዳል ይባላል፤ ውኃው ግን መሬት ሲደርስ አይታይም፣ መንገድ ላይ ጉም ይሆናል። ለመሣል የሚያጓጓ ቢሆንም ትዕግሥቱም ጊዜውም አልነበረኝም፤ በዘይት ቀለም የሚወርድ ውኃ ለመሣል የተቀመጠ ሰው ነጭ መስመር ስሎ ነው የሚነሣው።

ከዚያ በኋላ በአስታ ጫካ ውስጥ ወጣን። በዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለው ሽበት ግራጫ አረንጓዴ ነው፤ ከኦከር፣ ከኮባልትና ከብዙ ነጭ ይወጣል ብዬ በማስታወሻዬ ያዝሁት። ወደ ግጭ ስንቃረብ ግን ጫካው ጥቁር ሆነ። ባለፈው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ የተነሣው እሳት ጓሳውን (የደጋውን ሣር) እና አስታውን ያቃጠለበት ቦታ ነው። ግንዶቹ እንደ ከሰል እርሳስ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ክረምቱ ያበቀለው ለጋ ቅጠል ወጥቷል። ጥቁርና ለጋ አረንጓዴ ያለ ምንም መሸጋገሪያ አብረው ሲቆሙ ዓይንን ያስቸግራሉ፤ በሥዕል ቢቀመጥ ሰው ውሸት ነው ይላል።

የግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ሰፊው ሜዳ ላይ ጓሳው ተንዠርግጓል፣ ከመካከሉም ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እንደ ዘብ ቆመዋል። የግጭ መንደር የነበረው እዚህ አቅራቢያ ነው፤ ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በሜዳው ላይ እየሄድን ሳለ አያ ድንገት ቆሙና በአገጫቸው አንድ ተዳፋት አሳዩኝ። «የኔ ቤት እዚያ ነበር» አሉ። እኔ ያየሁት ሣር ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ እሜት ጎጎ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን በባትሪ ሄድን። ባልዲው ውስጥ የነበረው ውኃ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ቀለሙም እንደዚያው ነው፤ ቲታኒየም ነጩ በብርድ ስለጠጠረ ቱቦውን ስጫን ከታች ሊፈነዳ ደረሰ። በመንገድ ላይ ሦስቱን ዋና ዋና ቱቦዎች በብብቴ ይዤ ሄድሁ።

እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፤ ሜዳው አልቆ አንድ ጣት ብቻ ወደ አየሩ የተቀሰረ የሚመስል ቦታ ነው፣ በሦስት በኩል ገደል። ከታች በሰሜን በኩል ቆላው ውስጥ አምባዎች ለብቻ ለብቻቸው ቆመዋል። ይህ ሁሉ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተደራርቦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብና ወንዝ ለስላሳውን ጠርገው ጠንካራውን ትተዋል። ለሠዓሊ የሚጠቅመው የጂኦሎጂው ነገር አንድ ነው፦ ገደሉ በአግድም የተነባበረ መሆኑ። ንብርብሩን ያልያዘ ሰው ቀጥ ያለውን ግድግዳ ብቻ ይስልና ተራራው የተጋረደ መጋረጃ ይሆንበታል።

ፀሐይዋ ከመውጣቷ በፊት በአኳራጅ የቀጠነ በርንት ሲዬና ይዤ ንድፉን ጣልሁ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የዘይት ቀለም ሕጉ የታወቀ ነው፤ ከታች ቀጭኑ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት ይሆናል። ይህ ከተገለበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በተራራ ላይ ይህን ሕግ ማክበር ይቀላል፣ ምክንያቱም ብርዱ ራሱ ያቀጥንሃል፤ ወፍራም ቀለም ልቀባ ብትል ብሩሹ አይታዘዝም።

በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ሰሜን የሚያየው የስሜን ገደል ቀኑን ሙሉ በጥላ ውስጥ ይውላል። ይህን ከዚህ በፊት አላስተዋልሁም ነበር፤ በአእምሮዬ የነበረው ፎቶግራፍ ላይ ያየሁት ወርቃማ ግድግዳ ነው። ፀሐይ የሚያገኙት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የወጡት የገደሉ ጎኖች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ጠዋትና ማታ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ ከቀኝ መጥቶ የእያንዳንዱን አምባ አንድ ትከሻ ነካ፤ ቀሪው ጥላ ነው፣ ጥላውንም የሚያበራው ሰማዩ ስለሆነ ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ነው። እንግዲህ የሥዕሉ አራት አምስተኛ ጥላ፣ አንድ አምስተኛ ብርሃን ሆነ። ሰኞ በሳንቃበር የተሳሳትሁትን እዚህ አረምሁ። ለሩቁ ተረተር ነጭ ከመንካቴ በፊት ኮባልቱን በአሊዛሪን አሞቅሁት፣ ቢጫ የሚባል ነገር ከሁለተኛው ተረተር ወዲያ እንዳያልፍ ከለከልሁ። ብሩሹን ሳነሣ አምስተኛው ተረተር ራቀ። በኮምፔንሳቶ ላይ ሲርቅ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብል አላጋነንሁም።

ብርሃኑ የቆየው አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥላዎቹ ቦታ ለወጡ፣ እኔም አቆምሁ። የተለወጠውን ብርሃን እያሳደደ የሚሥል ሰው ሦስት ጠዋት በአንድ ሥዕል ውስጥ ይሰበስባል።

አያ ከኋላዬ ሆነው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «መምህር፣ ቤቶቹን ረሷቸው» አሉኝ። የምን ቤት? ጠመንጃቸውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውረው ወደ ታች ጠቆሙኝ። በመጀመሪያ ምንም አላየሁም። ቆይቶ ግን በአንደኛው አምባ ሥር፣ በቆላው ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ መርፌ ጫፍ ብልጭ አለ፤ ከአጠገቡ ሁለተኛ፣ ከዚያም የጭስ ክር። በዚያች ቅጽበት ገደሉ እጥፍ ሆነ። እስካሁን የሣልሁት ግድግዳ ሃያ ሜትርም ሊሆን ይችል ነበር፤ ለካ አንድ ሺህ ሜትር መሆኑን የሚመሰክር ነገር አላስገባሁም። በቀጭኑ ብሩሽ ጫፍ ሁለት ነጥብ ነጭ አስቀመጥሁ፣ እያንዳንዳቸው ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ። ከዚያ በላይ ምንም አልነካሁም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካምፑ ስንመለስ የግጭን ሜዳ በአንድ ቁራጭ ላይ ሣልሁ። አያ ቤታቸው የነበረበትን ተዳፋት በዚህ ጊዜ አስተውዬ አየሁት። የድሮው የገብስ ማሳ ያለበት ቦታ ሣሩ ከጓሳው ይልቅ አጭርና ቢጫማ ነው፤ ወሰኑም እስካሁን ቀጥ ያለ ነው። ጎጆውን ከሐሳቤ አምጥቼ ልጨምረው አሰብሁ፤ እሳቸውም የሚጠብቁ መሰለኝ። አልጨመርሁም። የማሳውን ቀለም ግን በትክክል ለማግኘት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ኦከር፣ ጥቂት ኮባልት፣ የአምበር ትንፋሽ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ከግጭ ወደ ጨነቅ በእናትዬ በኩል ተጓዝን። ቦታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከስሜን ሁሉ ሰፊው ዕይታ የሚገኘው ከዚያ ነው ብለውኝ ነበር። ከቀኑ 5 ሰዓት ስንደርስ ደመናው ከቆላ ወጥቶ ሁሉን ሸፍኖታል። ሁለት ሰዓት ጠብቀን ወረድን። ሥዕል የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19፣ ጨነቅ

ትናንት ማታ ጭነቱን ሳራግፍ ያየሁትን ጉዳት ዛሬ በብርሃን አረጋገጥሁ። እርጥብ ሥዕሎችን የማጓጉዘው ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጌ፣ በአራቱ ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ አስገብቼ፣ በገመድ አስሬ ነው። ከሁለቱ ጥንድ አንደኛው ላይ ቡሹን በሦስት ማዕዘን ብቻ አስገብቼ ኖሯል፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጁም የበቅሎዋም አይደለም። የሳንቃበሩ ሥዕል ተጋጭቶ ሰማዩ በሙሉ ተፍቋል። አላዘንሁለትም። የእሜት ጎጎው ግን ከዚያው ጥንድ ነበር፤ በግራ በኩል ከታች የጣት ስፋት ያህል ተልጧል፣ በዚያውም ላይ አንዲት የበቅሎ ፀጉር ተጣብቃለች። ሌላው ደኅና ነው። ሁለቱ ነጥቦች አሉ።

ለመጠገን ፓሌቱን ከፈትሁና ተውሁት። ቆላውን ከሩቅ አስታውሼ ብቀባው ያ የጠዋት ቀለም አይሆንም፤ ቤት ገብቼ ላስተካክል ብልም የባሰ ነው። ልጁ ጸጉሯን በጥፍሩ ሊያወጣ ሲል ከለከልሁት፤ አብራ ስትነሣ ቀለሙንም ትነቅለዋለች።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ሲሆን ከጀርባው ቧሂት ይነሣል። እዚህ ዋልያ ማየት ከሌላው ቦታ ይቀላል፤ ጠዋት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ከካምፑ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቆመው አየን። የዋልያ ቀለም የድንጋዩ ቀለም ነው፤ ቆሞ ሳለ አይለይም፣ ሲንቀሳቀስ ግን ከተራራው ላይ አንድ ቁራጭ የተነቀለ ይመስላል። በእርሳስ ቀንዱን ብቻ ያዝሁ።

ከሰዓት በኋላ የቀረውን ብርሃን በቧሂት ላይ አዋልሁት። የሚገርመው፣ ይህ ተራራ ከፍታው ከ4,400 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ ከጨነቅ ሲያዩት ኮረብታ ነው፤ የቆምህበት ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀሪው ወጣ ያለ አይመስልም። እዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ የለም። ጅብራ ግን አለ፤ አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከተዳፋቱ ወገብ ላይ እንደ ቁንጫ አድርጌ አስቀመጥሁ። አያ ሳልጠይቃቸው «አሁን ሆነ» አሉ። ባለሙያ ተቺ እንዲህ በአጭር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ደባርቅ

በጭነት መኪና ጋቢና ተመለስን፤ ሥዕሎቹን በጉልበቴ ላይ ይዤ። ከአሥራ ሁለቱ ቁራጮች አራቱ ተቀብተዋል፤ ከአራቱ ሁለቱ የሚቀመጡ ናቸው፣ አንዱም ባለ በቅሎ ፀጉሩ ነው።

የግጭን ሜዳ ሥዕል ለአያ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጠርዙን እንጂ ፊቱን ሳይነኩ፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ሳያስጠጉ በአየር ላይ የማሳውን ወሰን ተከትለው አንድ ማዕዘን ላይ ቆሙ። «በሩ በዚህ በኩል ነበር» አሉኝ። ጭስ እንዳያገኘው፣ ጨርቅ እንዳይለብስ፣ ብርሃን ባለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተደግፎ እንዲቆም ነገርኋቸው። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተኖ ሳይሆን አየር እየሳበ ስለሚደርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከገባ እርጥብ እንደሆነ ይኖራል።

«ጾሙ እስኪፈታ ይደርቃል?» ብለው ጠየቁኝ።

አምበር የገባበት ማሳው ከዚያ በፊት እንደሚደርቅ፣ ሰማዩ ላይ ያለው ነጭ ግን ከገና በኋላም ሊቆይ እንደሚችል ነገርኋቸው።

«ማሳው ከደረቀ ይበቃል» አሉ፤ ጋቢያቸውን ገልጠው ሥዕሉን ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው በብብታቸው ያዙና ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ ሄዱ።